ርስቱን የሚጠይቅ ወንዝ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ስንት ወንድማማች እንዳጣላ፣ ስንት ጎረቤት በሸንጎ እንዳቆመ፣ ስንቱን ዘር ማንዘሩን እስከ ሰባት ቤት እንዳስቆጠረ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ግን እስከ አንዲት የመጋቢት ቀን ድረስ ተረቱ ለሰው ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ወንዝም ባለርስት መሆኑን፣ እሱም ርቆ ከርሞ ተመልሶ «ይህ የእኔ ነው» ማለቱን የተማርኩት ወረታ ላይ ቤት ልንገዛ ሄደን ነው።

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከወረታ ወልዲያ ሲመላለስ የወጣትነት ዘመኑን ጨርሷል። ባለቤቱና ልጆቹ የኪራይ ቤት ሲቀያይሩ ስለሰለቻቸው፣ ሳንቲም ሳንቲሙን አጠራቅሞ አንድ ጎጆ ለመግዛት ቆረጠ። ወረታን የመረጠው እንደ ሹፌር አስቦ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳናና በደርግ ዘመን በቻይናውያን እገዛ የተሠራው የወልዲያ መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። «ወረታ ቤት ያለው ሹፌር የትም ይሂድ የትም፣ በደጁ ሳያልፍ አይቀርም» ይለኝ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደወለልኝ። «አንተ ወረቀት ታነባለህ፤ ና ካርታውን እይልኝ» አለኝ። ወንድሜ ጋዜጠኝነት ማለት የማኅተም ትክክለኛነት መመርመር ይመስለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ቤቱ ከከተማው ታችኛ ጥግ፣ ከሜዳው አፋፍ ላይ ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ግቢው ሰፊ። ዋጋው ከላይ ከአስፋልቱ ወዲያ ካየናቸው ቤቶች በጣም ያነሰ ነበር። ካርታው ንጹሕ፣ ግብሩ የተከፈለ፣ ዕዳም እግድም የሌለበት ነው። ደላላው «እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ዋጋ ዳግመኛ አይገኝም» አለን። የመጋቢት ፀሐይ ሜዳውን አድርቆት፣ ጥቁሩ የዋልካ መሬት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ስለ ውኃ ማሰብ ቀርቶ የሚጠጣ ውኃ እንኳ የናፈቀን ቀን ነበር። ወንድሜ ቀብድ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ያዘው። የቤቱ ግድግዳ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ አዲስ ተመርጎ ኖራ ተቀብቷል። ከወገብ በላይ ያለው ግን ያረጀ፣ ጭስ የጠገበ ነው። «ቤት የሚያሳድስ ሰው እንዴት ግማሹን ብቻ ያሳድሳል?» ብዬ ብጠይቅ፣ ባለቤቱ «ከብት እየታከከ አበላሽቶት ነው» አሉ። ከብት አለመኖሩን ያየን ቢሆንም ይሉኝታ ይዞን ዝም አልን።

ስንወጣ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት አሮጊት ጎታቸውን ሲለቀልቁ አየሁ። ጎታው መሬት ላይ አልተቀመጠም። በአራት ትልልቅ ድንጋዮች ላይ ቆሟል። ሰላምታ ሰጥቼ «እማማ፣ ጎታውን ለምን ሰቀሉት? አይጥ ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። «አይጥማ ድንጋይ ይወጣል ልጄ። ድንጋይ የማይወጣው ርብ ነው» አሉ።

ቀብዱ ከኪስ ሳይወጣ ቀረ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚህን ሜዳ ታሪክ ስፈልግ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

የጥንት ሰዎች ለምን ሽቅብ ወጡ?

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከልና ዳር ለዳር የተዘረጋ ነው። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ጣና ደግሞ 1,786 ሜትር ያህል ላይ ተኝቷል። እንግዲህ ውኃው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እየተንደረደረ መጥቶ፣ ድንገት እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ላይ ይወድቃል። የሚሮጥ ሰው ድንገት ቁም ቢባል እንደሚንገዳገደው፣ ወንዙም እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ ይዝላል። የተሸከመውን አፈር ይጥላል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይተኛል። ሜዳውን የሠራው ይኸው ነው። ፎገራ ወንዝ ያለፈበት ሜዳ ሳይሆን፣ ወንዝ በዘመናት እያነጠፈ የሠራው ሜዳ ነው። አልጋውን ያነጠፈ ደግሞ ሊተኛበት መምጣቱ አይቀርም።

ይህን የቀድሞ ሰዎች ያውቁት ነበር ወይ? መልሱን ለማግኘት የድሮ ከተሞች የት እንደቆሙ ማየት ይበቃል።

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ እንፍራዝ አጠገብ በስተቀኝ ካለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያል። ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሠርጸ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል። ንጉሡ ከቤታቸው ሆነው ሜዳውንና ሐይቁን ቁልቁል ያያሉ፤ ሜዳው ላይ ግን አላደሩም። በ1770 እ.ኤ.አ. በዚህ በኩል ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ እንፍራዝ ሲጽፍ፣ ከተማዋ ቀጥ ባለ ኮረብታ ላይ እንዳለች፣ መውጫዋ እንደ መሰላል እንደሚያስቸግር፣ ሦስት መቶ ያህል ቤቶቿም በኮረብታው ወገብ ላይ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው እንደተደረደሩ ይነግረናል። ልብ በሉ! ከእግራቸው ሥር ያን ያህል ሜዳ ተዘርግቶላቸው ሳለ፣ ሦስት መቶ አባወራዎች ውኃ በእንስራ ሽቅብ መሸከምን መርጠዋል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የበጌምድር ታላቅ ገበያ የነበረው ይፋግ የሜዳውን ጫፍ ይዞ ከተራራው ግርጌ ተጠግቶ ነበር። የነጋዴዎቹ ከተማ ቆራጣ ሐይቁ ዳር ብትሆንም ከፍ ያለውን መሬት የያዘች ናት። ራስ ጉግሣ መናገሻቸውን ሲቆረቁሩ ደግሞ ጭራሽ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ጉብታ ያለበትን ሲፈልግ ነው የምናየው።

ሽቅብ ያስወጣቸው ውኃው ብቻ አልነበረም። ጦርነትም አለ፣ ንዳድም አለ። ወባ የዚህን አገር ሰው እንዴት እንደፈጀችው ከሩቅ ታሪክ መፈለግ አያስፈልግም። በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ፎገራን የሚያህል ረግረግ ሜዳ አጠገብ መተኛት ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ስለዚህ ሜዳው የሰው መኖሪያ ሳይሆን የከብት መዋያ ሆኖ ኖረ። በወተቱ የታወቀው፣ ዛሬም በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩ የሚጠበቀው የፎገራ ከብት የዚያ ሣር ልጅ ነው። ክረምት ሲገባ ከብቱ ወደ ዳገቱ ይሸሻል፤ ውኃው ሜዳውን ይረከባል። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲጎድል ከብቱ ይመለሳል። ገበሬውም ውኃው ጥሎት በሄደው እርጥበት ላይ ጓያና ሽምብራውን ይዘራል። ወንዝና ሰው አንድን መሬት በፈረቃ ይጠቀሙበት ነበር ማለት ነው። ያልተጻፈ ውል ነበራቸው።

ውሉን ማን አፈረሰው?

ውሉ የፈረሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ ያፈረሰውም ክፉ ሰው አይደለም። መንገድ መጣ። የድሮ ነጋዴ በበቅሎ ስለሚሄድ ዳገቱን እየታከከ መጓዝ ይችል ነበር። መኪና ግን ሜዳ ይወዳል። አውራ ጎዳናው በሜዳው ጫፍ ሲዘረጋ ገበያው ተከተለው። ገበያውን ሻይ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱን ጋራዡ፣ ጋራዡን ደግሞ እንደ ወንድሜ ያለው ሰው ተከተለው። ይፋግ ቀዘቀዘ፤ ወረታ ሞቀች።

ቀጥሎ ሩዝ መጣ። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በደራ ወረዳ ጅግናና በፎገራ ወረዳ ሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ የተሞከረው ሩዝ፣ መጀመሪያ ብዙ ሰው የናቀው እህል ነበር። ኋላ ግን የፎገራን ዕጣ የለወጠ እሱ ሆነ። ጤፍ ውኃ ሲያቆርበት ይሞታል፤ ሩዝ ግን በውኃ ውስጥ ቆሞ ያፈራል። ስለዚህ ትናንት «ውኃ የሚተኛበት» ተብሎ የተናቀው መሬት ዛሬ ከሁሉ የሚፈለግ ሆነ። በጅግና ስም የተጠራው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ በየማሳው ተዳረሰ፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ የማይለያት፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመባት ከተማ ለመሆን በቃች። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሩዝ የስንቱን ጎጆ ክዳን ከሣር ወደ ቆርቆሮ እንደቀየረ የአገሩ ሰው ምስክር ነው። ነገር ግን ሩዝ ውኃን ይችላል፤ የጭቃ ቤት አይችልም። ማሳው ሲወርድ ቤቱም አብሮ ወረደ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የሐይቁ ነገር ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ሜዳው ለጥ ያለ በመሆኑ የሐይቁ አንዲት ክንድ ከፍታ ወደ ምድር ስትመጣ ብዙ ርቀት ትሄዳለች። ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ የውኃው መጠን በሰው እጅ ጭምር የሚወሰን ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውኃ ተደምረው ጣና እጅግ ጎደለ፤ መርከቦች እስኪቆሙ ድረስ። ሐይቁ ሲሸሽ ሰው ተከተለው። ትናንት ደንገል የበቀለበት ጭቃ ታርሶ ተዘራበት። ማን ይፈርዳል? መሬት የጠበበው ሰው ባዶ መሬት ሲያይ ዝም ይላል?

ሰውየው ግን ባዶ መሬት አላገኘም። ባለቤቱ ለጊዜው መንገድ የሄደ መሬት ነበር ያገኘው።

የ1998 ክረምት

ባለቤቱ የተመለሰው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያ ክረምት በኢትዮጵያ የጎርፍ ታሪክ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ነው። ሐምሌ 30 ለሊት ደቻቱ ድሬዳዋን መታት፤ ከ250 የሚበልጥ ሰው በተኛበት አለቀ። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ገበያ የሚቆምበት ወንዝ ነው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎችንና አያሌ ከብቶችን ወሰደ። አገሩ በእነዚህ ሁለት ሐዘኖች ላይ ሳለ ነው በነሐሴ ማብቂያ ላይ ርብና ጉማራ ከአልጋቸው የወጡት። ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ ተጥለቀለቁ። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። እንደ ድሬዳዋ በአንድ ሌሊት የሚገድል አልነበረም፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ መጥቶም ለሳምንታት የማይወጣ ውኃ ነበር። ገዳዩ ጎርፍ ዜና ይሆናል። የሚያደኸየው ጎርፍ ግን ብዙ ጊዜ ዜናም አይሆን።

ጎታቸውን በድንጋይ የሰቀሉት እማማ ያንን ክረምት እንዲህ አወጉኝ። «ድምፅ አልነበረውም ልጄ። ጎርፍ ይጮኻል ይሉሃል፤ እኛን የበላን ግን ዝም ያለ ነው። ለሊት ለመጸዳጃ ስነሣ እግሬ ከመደቡ ወርዶ ውኃ ውስጥ ገባ። ዶሮዎቼ ቆጥ ላይ ሆነው ያዩኛል። ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ አነጋሁ። ሲነጋ ሜዳው የለም፤ ጣና ነው ያለው። በታንኳ ነው የወጣነው። የጎታው እህል ከሥሩ ጠጥቶ በቀለ። ቤት ውስጥ የበቀለ እህል አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም። እሳቸው ግን ለአዲሱ ዓመት፣ ለ1999 መባቻ፣ አበባ የሚያመጡ ልጆችን የተቀበሉት በሰው ቤት ሆነው እንደነበር ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ አልተሠራም ማለት ኀጢአት ነው። በወንዞቹ ዳር የአፈር ክትር ተሠርቷል። በርብ ላይ 73 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ከ230 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ ግድብ ቆሟል፤ ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ቢፈጅም። ግድቡ የመስኖ ተስፋ ነው፤ የጎርፉንም ጉልበት ይቀንሳል። ነገር ግን የሚይዘው ከላይ የሚወርደውን ብቻ ነው። ከግድቡ በታች የሚገቡት ጅረቶች አሉ። ጉማራም አለ። የሐይቁ መሙላትም አለ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ደለሉ ነው። ከጉና ግርጌ ከታረሰው ዳገት የሚታጠበው አፈር የርብን ወለል በዓመት በዓመቱ ከፍ እያደረገ፣ በድልድዩ ሥር የነበረውን ክፍተት እያጠበበው መጥቷል። ክትሩን ከፍ ስናደርግ ወንዙም ወለሉን ከፍ ያደርጋል። በመጨረሻ ወንዙ ከላይ፣ መንደሩ ከታች ይሆናል። ያን ጊዜ ክትሩ የተሰበረ ዕለት የሚሆነውን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ካርታው የማይናገረው

አንባቢ «ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል?» ሊል ይችላል። መልሱ ቀላል ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ደግሞ ማንም አይነግረውም።

በአገራችን ቤት ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ካርታው ትክክል ነው ወይ? ዕዳና እግድ የለበትም ወይ? ወራሽ ነኝ ባይ ከኋላ አይመጣም ወይ? ሦስቱም ጥያቄዎች ከታሪካችን የተወለዱ ናቸው። በርስት ዘመን የሩቅ ዘመድ ሊነሣ ይችል ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ባለቤቱ በአንድ አዋጅ ተራ ነዋሪ ሆነ። ከዚያም በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ። ሕገ መንግሥቱም መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ ገዢው የሚፈራው ሰውንና መንግሥትን ነው። ወንዝን መፍራት ከወረቀቱ ላይ አልተጻፈለትም።

ሕጉን እንይ ካልንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሻጭ ለተሸሸገ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆንም ሕጉ ያውቃል። ነገር ግን ወንዝ የተሸሸገ ጉድለት ነው? ርብን የሚያህል ነገር ማን ይሸሽገዋል? ሻጩ «ወንዙ እዚያው ነበር፤ ዓይን የለህም ወይ?» ቢለው ገዢው ምን ይመልሳል? በጋ ላይ የሸጠለት ሰው የሸሸገው ወንዙን አይደለም፤ ክረምቱን ነው። ከዋናው ከተማ ወጣ ብሎ በጨረቃ ቤት የሚገዛውማ ካርታም ውልም ስለሌለው ጥያቄው ራሱ አይነሣም። ውኃ የሚተኛበትን ቦታ በብዛት የሚገዛው ደግሞ እሱ ነው። ድኻ ርካሹን ይገዛል፤ ርካሹ ደግሞ የውኃው ነው።

ይህ የእኛ ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የተባለችው ከተማ በ1718 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ፈረንሳዮቹ ቤታቸውን የሠሩት ወንዙ ራሱ በደለል ከፍ ባደረገው ዳርቻ ላይ ነበር። ኋላ ረግረጉ በቦይ ደረቀ፣ ክትር ተሠራ፣ ከተማዋም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወረደች። ነሐሴ 29 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ክትሩ ተሰብሮ ከከተማዋ አምስት እጅ አራቱ በውኃ ተሸፈነ። የጥንቱ የፈረንሳዮች ሠፈር ግን አብዛኛው ደረቅ ነበር። አሜሪካ ካርታ አላት፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ያቋቋመው የጎርፍ መድን አላት። ያም ሆኖ ኒው ኦርሊንስን ከውኃው ያዳኑላት የመጀመሪያዎቹ ቤት ሠሪዎች የቆሙባቸው ጉብታዎች ነበሩ። የእንፍራዝ ሦስት መቶ አባወራዎችና እነዚያ ፈረንሳዮች ቢገናኙ ኖሮ ሳያስተረጉሙ በተግባቡ ነበር።

ሁሉ ሰው ወደ ዳገት ይመለስ ማለቴ አይደለም። ሩዙን ማን ይዘራዋል? መንገዱንስ ማን ያነሣዋል? ከውኃ ጋር መኖር ይቻላል። የባንግላዴሽ ገበሬ ጉድጓድ ቆፍሮ በወጣው አፈር ቤቱን የሚያቆምበትን ጉብታ ይሠራል። የሆላንድ ሰዎች ክትር ከማወቃቸው በፊት በሠሩት ጉብታ ላይ ኖረዋል። እማማም ጎታቸውን በድንጋይ ሰቅለዋል። ዋናው ነገር ማወቅ ነው። ያወቀ ሰው መሠረቱን ከፍ ያደርጋል፤ እህሉን ይሰቅላል፤ ከነሐሴ በፊት ከብቱን ያወጣል፤ ዋጋም ይከራከራል። ያላወቀ ሰው ግን የገዛው ቤት ሳይሆን ተራ ነው። ውኃው እስኪመጣ የሚጠብቅበት ተራ!

የእኛ ዝምታ

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ቤቱን አልገዛም። በዚያው ዓመት ከአስፋልቱ በላይ፣ ግቢው ከመኪናው ርዝመት የማይበልጥ ጠባብ ቤት በብድር ጨምሮ ገዛ። ባለቤቱ «ሰፊውን ትተህ ሣጥን ገዛህልኝ» ብላ ብዙ ቀን አኩርፋበታለች። እኔ ግን በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ታሪክ ማወቅ ለአንድ ቤተሰብ እንኳ ጠቀመ ብዬ ለጓደኞቼ ሳወራ ከረምኩ።

ያልነገርኳቸው ነገር አለ። እኛ ቤቱን ከተውነው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ገዛው። ገዢውን ወንድሜ ያውቀዋል፤ በሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚሠራ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ከገጠር የመጣ ሰው ነው። ቀብድ ሊከፍል ሲል ወንድሜን አግኝቶ «አንተም አይተኸው ነበር አሉ፤ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ወንድሜ «ደኅና ነው፤ ገንዘብ ጎድሎኝ ነው» አለው። ለምን? በሰው ገበያ ላለመግባት። ሻጩን ላለማስቀየም። ይሉኝታ! ማታ ሲነግረኝ እኔም «ምን ታደርገው ኖሯል?» ብዬ አለፍኩት። እኔ፣ ወረቀት የማነበው!

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ጣና ሞልቶ፣ ወንዞቹም ወጥተው ፎገራና ሊቦ ከምከም እንደገና ሲጥለቀለቁ ወንድሜ ደወለልኝ። ውኃው እዚያ ሠፈር ገብቷል። ሰውየውና ቤተሰቡ በደኅና ወጥተዋል፤ ግድግዳው ግን ከሥሩ ረጥቦ አንዱ ጎን ወድቋል። ሊሾው ተነሥቷል። ሩዙ ከነጆንያው ጠጥቷል። ወንድሜ ይህን ከነገረኝ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጠይቆኝ ነበር እኮ» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

በተከታዩ ዓመት ለገና ሄጄ እማማን ጠየቅኳቸው። የእሳቸው ጎታ ደረቅ ነበር፤ ድንጋዮቹ ሠርተዋል። ቤታቸውን ግን አስመርገው አልጨረሱም። ግድግዳቸው በሙሉ ተለቅልቆ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ አንዲት የእጅ ስፋት ያላት ሰንበር ሳትለቀለቅ ቀርታለች። ጭቃ ለበስ፣ ቡናማ መስመር ናት፤ ከበሩ መቃን ተነሥታ ቤቱን ትዞራለች። ከእሷ በላይ ሌላ አለች፤ ያቺ የ1998ቷ ናት። ዓመት በዓመት ቤት ሲለቀለቅ እነዚህን ሁለቱን መስመሮች ለይተው ይተዋሉ።

«ጭቃ አልቆብዎት ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ጭቃማ ሞልቶ ተርፏል» አሉ ወደ ሜዳው እያዩ። «እኔ ነገ ሟች ነኝ። ቤቱን ልጆቼ ይሸጡት ይሆናል። የሚገዛው ሰው ይይ ብዬ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ ያ ቤት ይታያል። የወደቀው ጎን ተነሥቷል፤ ከመሬት እስከ ወገቡም አዲስ ምርጊት፣ አዲስ ኖራ ተቀብቷል። ሰውየው ሊሸጠው እንደሆነ ወንድሜ ነገረኝ። በዚህ ጊዜ ግን ወንድሜ ዝም አላለም። ሊያይ የመጣውን የመጀመሪያውን ገዢ ይዞ እማማ ግድግዳ ሥር አቁሞታል።